ዴስክቶፑን ልሽጠው ወይስ ላቆየው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ለዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ታብሌቱና ስልኩ የጠረጴዛውን ኮምፒውተር ያስወጡታል ወይ የሚል ነው። ስለዚህ አንድ ላይ አስተናግደናቸዋል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ዴስክቶፕ አለኝ። ልጆቼ «ዘመኑ አልፎበታል፤ ሽጠህ ታብሌት ግዛ» እያሉ ይጨቀጭቁኛል። እኔ የምሠራው ደብዳቤ መጻፍ፣ ኢሜይል ማየት፣ ዜና ማንበብና አንዳንዴ ቪዲዮ መመልከት ነው። እውነት ዴስክቶፕ ሊጠፋ ነው? (ጡረተኛ አንባቢ)

መልስ፦ ስለ እርስዎ ሥራ ልጆችዎ ልክ ናቸው። ስለ ዴስክቶፕ መጥፋት ግን ተቻኩለዋል።

አፕል አይፓድን ባወጣበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የኩባንያው መሪ ስቲቭ ጆብስ ኮምፒውተርን ከጭነት መኪና ጋር አመሳስሎት ነበር። አገሩ ሁሉ ገበሬ በነበረበት ጊዜ መኪናው ሁሉ የጭነት ነበር፤ ከተሜው ሲበዛ የቤት አውቶሞቢል መጣ፤ ጭነቱን የሚነዳው ሰው ቀነሰ እንጂ ጭነቱ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ የሆነው ከዚህ ብዙም አልራቀም። ስታትካውንተር የተባለው ቆጣሪ ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 በስልክና በታብሌት የተከፈተው ድረ ገጽ 51.3 በመቶ ደርሶ ኮምፒውተርን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አቀፍ ደረጃ በለጠ። ታዲያ ታብሌቱ አሸነፈ ማለት አይደለም፤ የታብሌት ሽያጭ ራሱ ከ2014 በኋላ ለዓመታት ወርዷል። በ2020 እና 2021 ሰው ሁሉ ከቤቱ ሆኖ ሲሠራና ሲማር ደግሞ የኮምፒውተር ሽያጭ መልሶ አሻቀበ። ዴስክቶፕን ከብዙ ቤት ያስወጣውም ታብሌት ሳይሆን ላፕቶፕ ነው፤ ላፕቶፕ በዓለም ገበያ ዴስክቶፕን መብለጥ የጀመረው አይፓድ ከመምጣቱ በፊት፣ በ2008 ነው።

ለመወሰን ቀላል ፈተና አለ። ዴስክቶፑ አጠገብ አንድ ወረቀት ያስቀምጡ። ለሁለት ሳምንት፣ በተቀመጡ ቁጥር ምን እንደሠሩ በአንድ ቃል ይጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን ሥራ «ታብሌት ላይ ይጀመራል ወይ?» ብለው ሳይሆን «ታብሌት ላይ ያልቃል ወይ?» ብለው ይፈትኑት። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ታብሌት ላይ የማይጀመር ሥራ የለም ለማለት ይቻላል። የማያልቀው ግን ብዙ ነው፦ ማተሚያው አያገኘውም፣ ቅጹ አይሞላም፣ ፋይሉ ለተቀባዩ በሚሆን መልክ አይወጣም።

ደብዳቤ የሚጽፉ ከሆነ ኪቦርድ አብረው ይግዙ። ታብሌቱን አግድም ሲይዙት የስክሪን ኪቦርዱ የገጹን ግማሽ ያህል ይሸፍናል፤ የጻፉትን ሁለት አንቀጽ እንኳ አንድ ላይ አያዩም። ማቆሚያም ያስፈልጋል፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትይዩ፣ ርቀቱም ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አንገት አይጎብጥም። ኪቦርድ፣ ማቆሚያ፣ ማውስ ሲጨመርበት ጠረጴዛው ላይ ያለው ነገር እንደገና ዴስክቶፕ መምሰሉን ልጆችዎ ሊነግሩዎት አይፈልጉም ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተሮቹን በታብሌት ሊቀይር አስቧል። «ኤክሴል እኮ ታብሌት ላይም አለ» ተብለናል። ይበቃናል?

መልስ፦ ስሙ አንድ ነው እንጂ ፕሮግራሙ አንድ አይደለም። በአንድሮይድና በአይፓድ ላይ የሚሠራው ኤክሴል ማክሮ፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ሥራውን በራሱ የሚያከናውን ትእዛዝ፣ አያስኬድም። ፋይሉ ይከፈታል፣ ቁጥሩ ይታያል፣ «ደመወዝ አስላ» የሚለው በተንም በቦታው አለ፤ ሲነኩት ግን ዝም ነው። የፋይሉ ስም መጨረሻ ኤክስኤልኤስኤም (.xlsm) የሚል ከሆነ ውስጡ ማክሮ ሊኖር ስለሚችል መጀመሪያ እነዚህን ለይታችሁ ቁጠሩ። ከሌላ ዳታቤዝ በቀጥታ መረጃ የሚስቡ ሠንጠረዦችም ታብሌት ላይ አይታደሱም። የሒሳብ ፕሮግራሙ ሴጅ 50፣ ሁላችንም በቀድሞ ስሙ ፒችትሪ የምንለው፣ የሚጫነው ዊንዶውስ ላይ ነው።

ሌላው ችግር ራም፣ ማለትም የተከፈተ ሥራ ለጊዜው የሚያዝበት ማኅደር፣ ነው። ስልክና ታብሌት ራም ሲያጥራቸው ከኋላ ያለውን አፕ ሳይጠይቁ ይዘጉታል። ከኤክሴል ወደ ኢሜይል ሄደው ሲመለሱ ፋይሉ እንደ አዲስ ሲከፈት ያያሉ። አንድ ደረሰኝ ለማየት ምንም አይደል፤ ሦስት ሠንጠረዥ እያመሳከሩ ሲሠሩ ግን ያማርራል።

ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ዊንዶውስ የተጫነበት ታብሌት መግዛት ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሰርፌስ በሚል ስም ይሠራል፣ ሌሎችም አሉ። እነዚህ ላይ የሚጫነው ሙሉው ኤክሴል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ይሁን ወይስ አርም ጠይቁ። አርም የሆነው አብዛኛውን ፕሮግራም እያስተረጎመ ያስኬዳል፤ የአሮጌ ማተሚያና የመሣሪያ ድራይቨርን (ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) ግን አያስተረጉምም፤ አምራቹ ለአርም የሠራው ከሌለ መሣሪያው አይሠራም።

ሁለተኛው መውጫ ኮምፒውተሩን ቢሮ ትቶ ታብሌቱን እንደ መስኮት መጠቀም፣ ማለትም በሪሞት ዴስክቶፕ መግባት ነው። ለዚህ ቢሮ ያለው ማሽን ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለበት፤ የዊንዶውስ ሆም እትም ሌላ ማሽን በዚህ መንገድ እንዲገባበት አይፈቅድም። ማሽኑ እንዳይተኛ የስሊፕ ሰዓቱን ማጥፋት፣ ከውጭ ሲገባም በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ብቻ እንዲሆን ማድረግ የግድ ነው፤ የሪሞት ዴስክቶፕን በር ለኢንተርኔት ክፍት መተው ሌባን መጋበዝ ነው። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ኮምፒውተሩ አልተተካም፤ ከዓይን ራቀ እንጂ።

ከውሳኔው በፊት አንድ ታብሌት ተውሳችሁ የአንድ ወር መዝጊያ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥሩበት፦ ትልቁን ፋይል፣ ማክሮ ያለበትን፣ ሁለት ፋይል ጎን ለጎን፣ በመጨረሻም ቢሮ ባለው ማተሚያ ማተም። ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው የመጨረሻው ነው።

ጥያቄ፦ ታብሌቴ እንደ ጓደኛዬ ኮምፒውተር ኤም 1 ቺፕ ነው ያለው። አጭር ቪዲዮ ስቆርጥ እኩል ነን፤ ረጅሙን ሳወጣ ግን እሱ ይቀድመኛል። ተታልያለሁ?

መልስ፦ አልተታለሉም። ቺፑ አንድ ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ኮምፒውተሮቹ ላይ ያወጣውን ኤም 1 በ2021 አይፓድ ፕሮ ውስጥ ከቶታል። ልዩነቱ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ነው። ፋን ያለው ኮምፒውተር ሙቀቱን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ታብሌቱ ግን ያለው ጀርባው ብቻ ነው። ቺፑ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እኩል ሆናችሁ በኋላ የምትለያዩት።

የማስታወቂያ ቁጥር የሚለካው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ ሥራ የሚለካው በ40ኛው ደቂቃ ነው። የስልክ አካል ሳይፋጅ ያለማቋረጥ ማስወጣት የሚችለው ሙቀት ጥቂት ዋት ነው፤ ታብሌት ሰፋ ስላለ ከዚያ ይሻላል። የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ግን ከ65 እስከ 125 ዋትና ከዚያም በላይ እንዲበላ ተደርጎ ይሠራል፤ ትልልቆቹ ግራፊክስ ካርዶች፣ ለምሳሌ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090፣ ለብቻቸው እስከ 450 ዋት ይወስዳሉ። ይህን ያህል ሙቀት በእጅ በሚያዝ ቀጭን ነገር ውስጥ ማስገባት አይቻልም፤ ቺፑ ምንም ያህል ቢሻሻልም ያው የተሻሻለው ቺፕ ፋንና ትልቅ ሳጥን ሲያገኝ የበለጠ ይሠራል። ዴስክቶፕ አይጠፋም የምንልበት ዋና ምክንያታችን ይኸው ነው።

ለጊዜው፦ ረጅም ቪዲዮ ሲያወጡ የታብሌቱን ሽፋን ያውልቁ፤ አስቀድመው ቻርጅ አድርገው ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ቻርጅ ማድረግ ራሱ ሙቀት ይጨምራል። ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ፤ ፍራሽ ላይ አያስቀምጡት፤ አፕል አይፓድ የሚሠራበትን የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ብሎ ነው የወሰነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ከወጣው አይፓድኦኤስ 26 በፊት ባለው ሶፍትዌር ላይ ከሆኑ ደግሞ ቪዲዮው ወጥቶ እስኪያልቅ ከአፑ አይውጡ፤ ሥራው ይቋረጣል። በነገራችን ላይ ጓደኛዎም ፋኑ ላይ አቧራ ካጠራቀመ ነገ እንደ እርስዎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ስልኬን ከሞኒተር ጋር አገናኝቼ እንደ ኮምፒውተር ልጠቀምበት ብዬ ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አስማሚ ገዛሁ። ሞኒተሩ «ሲግናል የለም» ይላል። አስማሚውን ቀየርኩ፤ ያው ነው።

መልስ፦ ሦስተኛ አስማሚ እንዳይገዙ! ችግሩ ስልኩ ጋ ነው ብለን እንገምታለን። ታይፕ ሲ የቀዳዳው ቅርጽ ነው፤ በቀዳዳው ውስጥ ምን እንደሚያልፍ አይናገርም። ምስል እንዲወጣ ስልኩ ዲስፕሌይ ፖርት የተባለውን የምስል ምልክት በታይፕ ሲ የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ ለዚህ የሚሆነው ሽቦ ማዘር ቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ካልተዘረጋ በሶፍትዌር የሚመጣ መፍትሔ የለም። ርካሽና መካከለኛ ስልኮች አብዛኞቹ ይህ የላቸውም። የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ ስልኮች ከኤስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ፣ አላቸው፤ ዴክስ የሚባለውም የኮምፒውተር መልክ ያለው ገጽ አብሮ ይመጣል። አይፎን ከ15 ጀምሮ ምስል ያወጣል፤ ግን የስልኩን ገጽ እንዳለ አጉልቶ ከማሳየት አያልፍም። አይፓዶችም ቢሆኑ ሁለተኛውን ስክሪን ራሱን እንደቻለ ጠረጴዛ የሚጠቀሙበት የኤም ቺፕ ያላቸው ናቸው።

ስልክዎ ይህ ከሌለው ዲስፕሌይ ሊንክ የሚባል ሌላ ዓይነት አስማሚ አለ። አንድሮይድ ላይ የራሱን አፕ ጭነው ምስሉን እየጨመቀ በተራ ዩኤስቢ ያሳልፋል። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ይበቃል፤ ቪዲዮ ይንቀጠቀጣል፣ የቅጂ መብት ጥበቃ ያለው ፊልም ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ስልክዎ የሚችል ከሆነና እንዲህ ሊሠሩበት ካሰቡ አስማሚ ሳይሆን ኤችዲኤምአይ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዩኤስቢና የቻርጀር መግቢያ ያለው ሃብ ይግዙ። የቻርጀር መግቢያው የግድ ነው፤ አለበለዚያ አንዷ ቀዳዳ ተይዛ ስልኩ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሞታል። ሃርድ ዲስክ ሲሰኩ «ጢቅ ጢቅ» ብሎ የሚጠፋ ከሆነም ስልኩ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ አልበቃውም ማለት ነው፤ ቻርጀሩ ሃብ ላይ ሲሰካ ይስተካከላል። ዲስኩ ጨርሶ ካልታየ ፎርማቱን፣ ማለትም ፋይል የሚያስቀምጥበትን ሥርዓት፣ ይመልከቱ። በኤንቲኤፍኤስ የተፎረመተውን ብዙ ስልኮች አያነቡም። ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት ከሁለቱም ይሻላል፤ ግን መፎርመት ያለውን ሁሉ ያጠፋልና አስቀድመው ይገልብጡ።

ፍጥነቱንም ይጠይቁ። የብዙ ስልኮች ቀዳዳ ቅርጹ አዲስ ሆኖ ውስጡ ዩኤስቢ 2.0 ነው፤ ተራው አይፎን 15 እንኳ እንዲሁ ነው። ይህ በወረቀት ላይ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት፣ በተግባር 35 ሜጋባይት አካባቢ ነው። 100 ጊጋባይት ቪዲዮ ለመገልበጥ ከ45 ደቂቃ በላይ ይጠብቃሉ ማለት ነው።

ስልክን ኮምፒውተር የማድረግ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሞቶሮላ እ.ኤ.አ. በ2011 አትሪክስ የተባለ ስልኩን ከላፕቶፕ ቅርጽ ጋር ሸጦ ነበር፤ ማይክሮሶፍት በ2015 በሉሚያ 950 ሞክሯል። ሁለቱም አልዘለቁም። ምስሉ ትልቅ ስክሪን ላይ መውጣቱ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ለትልቅ ስክሪን የተሠራ ፕሮግራም ማግኘቱ ነው ከባዱ።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ ታብሌት እንደ ሒሳብ መቀበያ ቀንና ሌሊት ቻርጀር ላይ ሆኖ ይሠራል። ሰሞኑን ስክሪኑ ከጠርዙ ተነሥቷል። በማጣበቂያ ልመልሰው?

መልስ፦ አይመልሱት! አሁኑኑ ቻርጀሩን ነቅለው ያጥፉት። ባትሪው አብጧል። ሊቲየም ባትሪ ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልቶ፣ ከዚያም ላይ ሞቆ ሲቆይ ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየፈረሰ ጋዝ ይፈጥራል። ያበጠ ባትሪ ከተጫኑት ወይም ከተበሳ ሊቀጣጠል ይችላል። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ፣ ወረቀትና ጨርቅ ከሌለበት ያስቀምጡትና ወደ ባለሙያ ይውሰዱት፤ ቆሻሻ ውስጥም አይጣሉት።

አዲሱን ሲተክሉ ቅንብሩ ውስጥ የባትሪ ጥበቃ የሚል ካለ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም ያድርጉ። ከሌለው በሰዓት የሚሠራ የሶኬት ማብሪያ ገዝተው በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ እንዲሞላ ያዙት።

ከቦታው ለማይነቃነቅ ሥራ ግን ትንሽ ዴስክቶፕ፣ ሚኒ ፒሲ የሚሉትን፣ እንመርጣለን፤ የሚያብጥ ባትሪ የለውም። ጉድለቱ መብራት ሲሄድ አብሮ መሄዱ ስለሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ይፈልጋል። ዩፒኤስ ላይ የተጻፈው ቪኤ ዋት አይደለም፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ቢሰጥ ነው። ሌዘር ማተሚያ እሱ ላይ አይሰኩ፤ ማሞቂያው ሲነሣ በአንዴ ብዙ ስለሚስብ ዩፒኤሱ ተጨናንቆ ሁሉንም ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ቦታ ሞላብኝና አንድ አፕ አጠፋሁ። የጻፍኳቸው ሰነዶች አብረው ጠፉ። ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

መልስ፦ አይሆንም፤ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙን ቢያጠፉት የጻፉት ሰነድ «ዶክዩመንትስ» ውስጥ ይቀራል። ስልክና ታብሌት ላይ ግን አፑ የራሱ ጎጆ አለው፤ ሰነዱ እዚያ ውስጥ ከሆነ ጎጆው ሲፈርስ አብሮ ይሄዳል። በዚያው መለያ ገብተው አፑን መልሰው ይጫኑት፤ ክላውድ ላይ ያስቀምጥ ከነበረ ይመለሳል። ከእንግዲህ ሲጽፉ «ሼር» ወይም «ኤክስፖርት» በሚለው በኩል ቅጂውን ወደ ዳውንሎድስ ወይም ወደ ፍላሽ ያውጡ።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፔ 9 ዓመቱ ነው። ለመነሣት 5 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ሰዓቱም በየጊዜው ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ላይ ዊንዶውስ 10 አብቅቷል ይባላል። በታብሌት ልገላገለው?

መልስ፦ ከመገላገልዎ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ይክፈቱ። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ፕሮሰሰሩ 10 ወይም 20 ከሆነ ያረጀው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ሃርድ ዲስኩ ነው። 240 ወይም 256 ጊጋባይት የሆነ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ሲገባበት ያ 5 ደቂቃ ከ1 ደቂቃ በታች ይወርዳል። ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ ወደ 8 ያሳድጉት፤ ያለው ዲዲአር 3 ይሁን ዲዲአር 4 አስቀድመው ይዩ፤ ጠርዙ ላይ ያለችው ስንጥቅ ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቀዳዳ አይገባም፣ በጉልበትም አይሞክሩት። ከመክፈትዎ በፊት ገመዱን ነቅለው የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ይጫኑ፤ ከዚያ የሳጥኑን ብረት በእጅዎ ይንኩ። ራም ተቀይሮ ማሽኑ እየጮኸ አልነሣ ካለ ብዙውን ጊዜ በደንብ አልተቀመጠም፤ አውጥተው ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ አጽድተው ሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» እስኪል ይጫኑት።

ሰዓቱ የሚመለሰው ማዘር ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ ስላለቀች ነው። አዲሷ 3 ቮልት ናት። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ የሚያስቸግሩት በዚህች ምክንያት ሊሆን ይችላል። ባትሪዋን ከማውጣትዎ በፊት ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘር ቦርዱ ቅንብር) ገብተው ቅንብሩን፣ በተለይ «ሳታ ሞድ» የሚለውን፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ባትሪዋ ስትወጣ ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ሊመለስና ዊንዶውስ አልነሣ ሊል ይችላል።

ዊንዶውስ 10 በነፃ የሚያገኘው መደበኛ እድሳት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና፣ በኢንቴል በኩል፣ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ የእርስዎ ከዚያ በፊት የወጣ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነፃ ሥርዓት፣ ሊነክስ ሚንትን፣ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አድርገው ሳይጭኑት ይሞክሩት፤ ማተሚያው፣ ዋይፋዩና ድምፁ ከሠሩ ይጫኑት። ይህ የዴስክቶፕ ትልቁ ጥቅም ነው፤ ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል ፓወር ሰፕላይ ብቻ ይቀየራል። ታብሌት ላይ ራሙም ማስቀመጫውም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ አምራቹ እድሳት ያቆመበት ዕለት የሚያደርጉት ነገር ጥቂት ነው። ታብሌት ከገዙ ግን አምራቹ ለስንት ዓመት እድሳት እንደሚሰጥ ይጠይቁ፤ 7 ዓመት ቃል የሚገቡ አሉ፣ ከ3 የማያልፉም አሉ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ፕሮግራሚንግ መማር እፈልጋለሁ፤ ያለኝ ግን አንድሮይድ ስልክ ብቻ ነው። ኮምፒውተር እስካገኝ ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቂ፤ ዛሬ ጀምሪ። ስልክሽ ላይ ተርመክስ የተባለውን የትእዛዝ መጻፊያ አፕ ጭነሽ በፓይተን ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍና ማስኬድ ትችያለሽ፤ ተለዋዋጭ፣ ሉፕ፣ ፈንክሽን፣ ፋይል ማንበብ፣ ይህ ሁሉ እዚያው ያልቃል። በጣትሽ ቅንፍና ነጠላ ሰረዝ ስትፈልጊ ጊዜሽ ስለሚያልቅ ግን ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ በኦቲጂ (የዩኤስቢ ዕቃ ከስልክ ጋር በሚያገናኝ ትንሽ አስማሚ) አያይዢበት። የምትቆሚው የስልክ አፕ ራስሽ ልሥራ ስትዪ ነው፦ አንድሮይድ ስቱዲዮ ስልክ ላይ አይሠራም፣ የአይፎን አፕ የሚሠራበት ኤክስኮድ ደግሞ ማክ ብቻ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከአዲስ ታብሌት ይሻልሻል። ስትመርጪ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ እንዳለው አረጋግጪ፤ ወደ 16 ማሳደጊያ ባዶ የራም ቀዳዳ መኖሩንም ክዳኑን ከፍተው እንዲያሳዩሽ ጠይቂ።